ስለ ሕክምና ዋጋና ስለሚከፈልበት ጊዜ



ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ የምናገርለት ነገር ከእናንተ መካከል ማንም በቤቱ ያላየው አይደለም። ስለ በሽታውና ስለ መድኃኒቱ ያለውን ዕውቀት ለባለ ሞያዎቹ ትቼ፥ እኔ የማነሣው፥ ሕዝቡ የሚታከምበት ገንዘብ ከማን ይወጣል ከሚለው ይልቅ መቼ ይወጣል የሚለውን ጥያቄ ነው። ከማን ይወጣል ቢባል መልሱ ሩቅ አይደለም፤ በግብር ቢሰበሰብ፥ በመዋጮ ቢጠራቀም፥ በመስኮት በኩል ቢከፈል፥ ከውጭ የሚመጣው ርዳታ ሲቀር ሁሉም ዞሮ ዞሮ ከሕዝቡ እጅ የሚወጣ ነው። መቼ ይወጣል የሚለው ግን፥ በእኔ አስተያየት፥ ድኻው ሰው ከሐኪም ቤት ደጃፍ እንዲደርስ፥ ወይም ከመደቡ ላይ ተኝቶ ዕጣውን እንዲጠባበቅ የሚያደርገው ዋናው ነገር ነው።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት ታሪክ በወንጌል የሚሰማ ሰው ዘወትር የሚያስተውለው እምነቷንና ፈውሷን ነው፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ወንጌላዊው ማርቆስ በመካከል ጣል አድርጎት የሚያልፍ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሴቲቱ ገንዘቧን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከፍላ እንደ ጨረሰችና ሕመሟ ግን እንደ ባሰባት የሚናገረው ነው። በዛሬው ዘመን የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ቤተ ሰብን የሚያደኸይ የጤና ወጪ እያሉ የሚመረምሩትን ነገር ወንጌላዊው በአጭር ቃል አስፍሮልናል። እንዲሁም ሐዋርያው ጳውሎስ ባለ መድኃኒት መሆኑን የመሰከረለት ሉቃስ የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ሲጽፍልን፥ ያ መንገደኛ የቁስለኛውን ቁስል በዘይትና በወይን አጥቦ ካሰረለት በኋላ በአህያው ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ እንደ ወሰደው፥ ለባለ ማደሪያውም ሁለት ዲናር አስቀድሞ ሰጥቶ፥ ከዚያ የሚተርፈውን ወጪ በተመለሰ ጊዜ ሊከፍል ቃል ገብቶ እንደ ሄደ ይነግረናል። ሰባኪዎቻችን የሳምራዊውን ርኅራኄ ሲያመሰግኑ ኖረዋል፤ የሒሳቡን አሠራር ግን ሲያመሰግን የሰማሁት ሰባኪ የለም። ቁስለኛው በተኛበት አልጋ ላይ ሳለ ማንም መጥቶ ስንት ይዘሃል አላለውም፤ ገንዘቡ ከጤናማው እጅ አስቀድሞ ተቀምጧል፥ የቀረውም በጤናማው ዋስትና ተይዟል። እኔ በዚህ ንግግር የምለው ሁሉ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በሀገራችን ዘመናዊው ሕክምና ሲጀመር የመጣው በስጦታ መልክ ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩስያ ቀይ መስቀል ልኡካን ቁስለኞችን ሊያክሙ መጥተው በአዲስ አበባ ሐኪም ቤት አቋቋሙ፤ ከዓመታትም በኋላ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተሠራ። በ1940 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ጥበቃ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆነ። በደንብያ ሜዳ ወባ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላም፥ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ፥ የጤና መኰንኖችን፥ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደየገጠሩ ይልክ ጀመር። ይህን ሁሉ የምጠቅሰው የታሪክ መምህር ለመሆን ሳይሆን፥ የሀገራችን የጤና ሥራ ከመጀመሪያው ሁለት ፈተናዎች እንደ ነበሩበት ለማሳየት ነው፤ አንደኛው የመንገዱ ርቀት፥ ሁለተኛው የዋጋው ክብደት። የመጀመሪያውን ለማሸነፍ ብዙ ተደክሟል፤ ሁለተኛው ግን ለረጅም ዘመን ለምጽዋትና ለቀበሌ ወረቀት ተትቶ ኖሯል።

የቀበሌውን ወረቀት ያየ ያውቀዋል። ድኻ የሆነ ሰው ነጻ ሕክምና እንዲያገኝ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ድኽነቱን የሚያስረዳ ደብዳቤ ማጻፍ አለበት፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው ሰው ስብሰባ ሄዶ እንደ ሆነ ነገ ተመለስ ይባላል፤ ማኅተሙ የሚገኝበት ቍልፍ በሌላ ሰው እጅ ነው። ትኵሳት ያለበትን ሕፃን አዝላ ከዚያ ደጃፍ የተቀመጠች እናት የምትጠብቀው መድኃኒት ሳይሆን ድኻ መሆኗ በማኅተም እስኪረጋገጥላት ድረስ ነው። ሕጉ ክፉ ታስቦበት የወጣ አይደለም፤ ጥፋቱ ማስረጃው የሚጠየቀው በሕመሙ ቀን መሆኑ ነው።

እስቲ የገበሬውን ዓመት እንመልከት። ከክረምቱ ዝናም ማለፍ በኋላ፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፥ ውሃ በየጥጉ ሲቋጠር ወባ በቆላና በወይና ደጋ የሚበረታበት ወራት ነው። ይኸው ጊዜ ደግሞ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ ያለቀበት፥ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ ያለበት ነው። እንግዲህ በሽታው ከመከሩ ቀድሞ ይመጣል ማለት ነው። የወባው ክኒን በጤና ኬላ በነጻ የሚሰጥ ቢሆንም፥ ሕመሙ የጸናበት ልጅ ወደ ሆስፒታል ሲላክ የመኪናው ኪራይ፥ የአስታማሚው ምግብና ማደሪያ፥ ከውጪ የሚገዛው መድኃኒት ተደማምሮ ገበሬው ያልቈረጠውን እህል አስቀድሞ በአራጣ እንዲበላው ያስገድደዋል። ይህም ካልበቃ በሬ ይሸጣል። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋራ በመቀናጆ ያርሳል፤ የእርሱም ማሳ የሚታረሰው የጎረቤቱ ከታረሰ በኋላ ነውና ዘሩ ይዘገያል፥ አዝመራውም ያንሳል። ልጁ ድኖ ወደ ቤት ይመለሳል፤ የቤቱ ሕመም ግን ለብዙ ዓመት ሳይድን ይቀራል። በሀገራችን ለጤና ከሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ሲሶ ያህሉ በዚህ ዐይነት ከሕመምተኛውና ከቤተ ሰቡ ኪስ በቀጥታ የሚከፈል መሆኑን የመንግሥት የጤና ሒሳብ ጥናቶች አሳይተዋል።

ሕዝባችን በማኅበር መረዳዳትን የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ከሌላ ሀገር እንማር በተባለ ነበር። ነገር ግን እድርን የሚያህል ማኅበር ያለው ሕዝብ ነው። ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመርጦለት፥ መዋጮው በየወሩ ተሰብስቦ፥ የቀረ ሰው ተቀጥቶ፥ ሞት በተሰማ ሰዓት ድንኳኑ ይተከላል፥ ወንበሩ ይደረደራል፥ ንፍሮው ይቀቀላል። ለሙት የሚሰናዳው ይህ ሁሉ ሥርዓት ለሕያው ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ጎረቤት ለጥየቃ ይመጣል እንጂ ሒሳቡ የባለ ቤቱ ነው። በገጠር የቃሬዛ ማኅበር ያላቸውን ሰዎች ሥራ ላስተዋለ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። በሽተኛውን በቃሬዛ አድርገው፥ ትከሻ እየተቀባበሉ፥ ገደሉን ወርደው ዳገቱን ወጥተው፥ ያለ አንድ ሳንቲም ከጤና ጣቢያው ግቢ ያደርሱታል፤ ሳይሸከም የቀረም ይቀጣል። ከካርድ ክፍሉ መስኮት ሲደርስ ግን የዚያ ሁሉ ሰው ትከሻ ሊረዳው አይችልም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት የእርሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፥ በአማራ፥ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረውና ኋላ በብዙ ወረዳዎች የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ከዚህ ቦታ ላይ የገባ ነው። አሠራሩ ለእድርተኛ እንግዳ አይሆንበትም። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ፥ በተለይ እህል በገባበት ወራት፥ የተወሰነውን መዋጮ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይከፍላል፤ የፌዴራሉ መንግሥት የተወሰነ ድጎማ ይጨምርበታል፤ ምንም የሌለው ድኻ ደግሞ በቀበሌው ሕዝብ ፊት ተመርጦ መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። የአባልነት ደብተሩን የያዘ ሰው በታመመ ጊዜ በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል፤ ከዚያ ከበለጠ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይተላለፋል፤ በመስኮቱም ገንዘብ አይጠየቅም። የድኽነቱ ማስረጃ እንኳ በበሽታው ቀን ሳይሆን አስቀድሞ ያለቀ ጉዳይ ነው። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1883 ዓ.ም. በቢስማርክ ዘመን ከሠራተኛው ደመወዝ፥ በብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. ከጠቅላላው ግብር እንዲሆን የተደረገው፥ ከእኛ ብዙ በማይሻል ሀብት ሩዋንዳ አብዛኛውን ሕዝቧን ያስገባችበትም ሥርዓት በየመልኩ ቢለያይም፥ ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ገንዘቡ ሰው ጤና ሳለ መሰብሰቡ ነው።

ይህን የጤና መድኅን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያቀርቡትን ነገር ሰምቻለሁ። አንዱ፥ ዘንድሮ እኔም ልጆቼም አልታመምንምና ገንዘቤ ተበላ ይላል። እድር ከፍሎ ዓመቱን ሳይሞት ያሳለፈ ሰው ገንዘቤ ተበላ ብሎ ሲያለቅስ አልታየም። ሌላው ግን ተንኰለኛ ነው፤ ጤና ሳለ አይመዘገብም፥ ሆዱን የቈረጠው ዕለት ግን ደብተር ስጡኝ ብሎ ይሮጣል። እንዲህ ያለው ሰው ከበዛ የመድኅኑ ሣጥን በሽተኞች ብቻ የሚያዋጡበት፥ ስለዚህም ዘወትር ባዶ የሆነ ሣጥን ይሆናል፤ የምዝገባው ጊዜ በወራት የተወሰነውም ስለዚህ ነው። ደግሞም የአንድ ወረዳ ሣጥን ትንሽ ነው፤ በአንድ ዓመት ወረርሽኝ ቢገባበት ወይም ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚሹ ሰዎች ቢበዙበት ሊራቈት ይችላልና፥ የወረዳዎችን ሣጥን ወደ ዞንና ወደ ክልል ማዋሐዱን የሚመክሩት ሰዎች ልክ ናቸው እላለሁ።

አሁን ግን ከሁሉ ወደሚያሳዝነው ነገር ልለፍ። መዋጮውን የከፈለ ሰው ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ማዘዣውን ይዞ ወደ መድኃኒት ክፍሉ መስኮት ይሄዳል። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ባለ ሞያ ማዘዣውን አንብባ መደርደሪያውን ትመለከትና፥ «ይኸኛው አለ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን የሉም፤ ከውጪ ይግዙ፥ አባባ» ትለዋለች። ሰውዬው በደብተሩና በማዘዣው መካከል ቆሞ ይቀራል። የላቦራቶሪውም ነገር እንዲሁ ነው፤ መሣሪያው ተበላሽቷል፥ ሪኤጀንት አልቋል፥ ከውጪ ያሠሩ ይባላል። «ከውጪ» ማለት በሆስፒታሉ አጥር ማዶ ያለው የግል መድኃኒት ቤትና የግል ላቦራቶሪ ነው፤ ሰውዬው ሊሸሸው ያዋጣለት የመስኮት ገንዘብ በአጥሩ ማዶ ቆሞ ጠበቀው ማለት ነው።

ለዚህ ባለ ሞያዋን መውቀስ ሥራን አለማወቅ ነው። የምንጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ምንዛሪው ሲጠፋ ግዢው ይዘገያል። ከዚህ የሚብሰው ግን በእጃችን ያለው ነገር ነው። የመድኅኑ ጽሕፈት ቤት ለጤና ጣቢያው የሚከፍለውን ሒሳብ አዘግይቶ ሲከፍል፥ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጣል፤ መድኃኒት ሲጠፋ አባሉ ከውጪ ይገዛል፤ ከውጪ የገዛው አባል በሚመጣው ዓመት አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበው ሲበዛ ጽሕፈት ቤቱ የሚከፍለው የበለጠ ያጣል። ይህን አዙሪት ማንም ሊቅ ሳያስፈልገው ሒሳብ በጊዜው በመክፈል ብቻ ግማሹን መበጠስ ይቻላል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና አገልግሎት የገንዘብ ስልት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሰበሰቡትን ገቢ ለግምጃ ቤት ፈሰስ ማድረጋቸው ቀርቶ ለራሳቸው ሥራ እንዲያውሉት መንገድ ከፍቷል፤ ይህ መልካም ሥልጣን ነው፥ የሚሠራው ግን ገንዘቡ ሲደርሳቸው ነው። በአዲስ አበባ በከተማው አስተዳደር የተቋቋሙት የከነማ መድኃኒት ቤቶችና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች ከግሉ ገበያ በሚያንስ ዋጋ መሸጣቸውን ሕዝቡ ያውቃል፤ ከመድኅኑ ጋራ ውል የገባ እንዲህ ያለ መድኃኒት ቤት በየሆስፒታሉ ደጃፍ ቢኖር፥ «ከውጪ» የሚለው ቃል ይህን ያህል ባላስፈራ ነበር። እግረ መንገዴን አንድ ምክር ልጨምር፤ ከውጪ መግዛት ግድ በሆነባችሁ ጊዜ፥ በፋብሪካው የንግድ ስም ከተጠራው ውድ መድኃኒት ይልቅ በዋናው ስሙ የሚታወቅ፥ ሥራው አንድ የሆነ፥ ዋጋው ግን የሚያንስ እንዳለ ባለ መድኃኒት ቤቱን ጠይቁ፤ ሐኪሙንም መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ ርቀቱ ብዙ አልናገርም፤ ከዋጋው ይልቅ የተሳካልን በዚህ በኩል ነውና። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ30,000 የሚበልጡ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ፥ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው፥ በጤና ኬላና ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እንዲሠሩ በመንግሥት ደመወዝ ተመድበዋል፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ሥራ የእነርሱ ነው። የወሊድ አገልግሎት ደግሞ ክፍያው ከቀረላቸው ሕክምናዎች አንዱ ነው፤ ክትባት፥ የሳንባ ነቀርሳ፥ የኤች አይ ቪና የቤተ ሰብ ምጣኔ አገልግሎትም እንዲሁ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26 ደረሱ። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶች ቍጥር በዚያው ጊዜ ከ100,000 ሕያው ወሊድ 871 ከነበረው ወደ 412 ወርዷል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የአምቡላንሱም የትምህርቱም ድርሻ አለበት። በየጤና ጣቢያው ለነፍሰ ጡሮች የተሠራውን ማቆያ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ከሩቅ ቀበሌ የመጣች እናት ወሯ ሲገባ በዚያ ትሰነብታለች፤ በወለደች ጊዜ ገንፎው እንደ ቤቷ ይገነፋላታል፥ ቡናውም ይፈላል። ገንፎ የሕክምና መሣሪያ አይደለም የሚል ሰው ካለ፥ በቤቷ ለመውለድ የምትመርጥ ሴት ለምን እንደምትመርጥ ጠይቆ የማያውቅ ነው።

የደመወዝተኛውን ነገር ሳላነሣ ብቀር ለራሴ ወገን ማድላት ይሆንብኛል። በአዋጅ ቍጥር 690/2002 የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድኅን ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 3፥ አሠሪውም እንዲሁ ከመቶ 3 እንዲከፍሉ ታስቦ የተሰናዳ ሲሆን፥ የሚጀመርበት ቀን እየተላለፈ ብዙ ዓመት ዘግይቷል። ሠራተኞች የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም፤ ደመወዙ ከኑሮው ጋራ አይመጣጠንም፥ በመንግሥት ሆስፒታል ያለው ተራም ሥራ ያስፈታል ይላሉ። ነገር ግን የተማረው ሰው ከዚያ ተራ በመውጣቱ ተራው አላጠረም፤ የሚጮኽለት አጥቶ ረዘመ እንጂ። ሚኒስትሩም፥ መምህሩም፥ የባንኩ ሠራተኛም በአንድ ካርድ ክፍል ቢሰለፉ፥ ያ ካርድ ክፍል በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ቦታ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ገበሬው ከጎተራው አዋጥቶ ሳለ ደመወዝተኛው ሳያዋጣ መቅረቱም አያምርም።

በቤተ ክርስቲያናችን ስንክሳር ያለ ዋጋ ያክሙ የነበሩት ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ይታሰባሉ፤ ግብራቸው ቅዱስ ነው። የአንድ ሀገር የጤና ሥርዓት ግን በሰማዕታት ትሩፋት ሊቆም አይችልም፤ ነርሷ ደመወዟን፥ መድኃኒት ቤቱ ዕቃውን፥ ሹፌሩ ነዳጁን ይሻል። ስለዚህ ሕክምና በነጻ ይሁን ብሎ በአደባባይ መጮኽ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሒሳቡን አስቀድሞ ማስቀመጥ ነው። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. በአቡጃ ተሰብስበው ከመንግሥት በጀት ከመቶ 15 ለጤና እናውላለን ብለው ቃል ገብተው ነበር፤ እኛን ጨምሮ አብዛኞቹ ሀገሮች ከዚያ አልደረሱም። መዋጮ የመንግሥትን ግዴታ የሚያወርድ መስሎት ደስ ያለው ባለ ሥልጣን ካለ ተሳስቷል፤ የሕዝቡ መዋጮ የሚሸከመው አንዱን ወገን ነው፥ ሕንፃው፥ መሣሪያው፥ የባለ ሞያው ደመወዝ ከግምጃ ቤቱ መውጣቱ አይቀርም።

እንግዲህ ከእናንተ የምለምነው ይህ ነው። በሚመጣው የምዝገባ ወራት መዋጮ ሰብሳቢው ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ፥ ጤና ሳላችሁ ክፈሉ፤ በእድራችሁም ስብሰባ መክፈል ያቃተውን አባል በስም አንሥታችሁ ከማኅበሩ ሣጥን ክፈሉለት። ከከፈላችሁም በኋላ ዝም አትበሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ የወረዳው መድኅን ጽሕፈት ቤት ስንት እንደ ሰበሰበ፥ ለየትኛው ጤና ጣቢያ በየትኛው ቀን ስንት እንደ ከፈለ፥ ከመደርደሪያው የጠፋው መድኃኒት የትኛው እንደ ነበረ በሕዝብ ፊት እንዲነበብላችሁ ጠይቁ።